ያሰሩትን መፍታት

በአማርኛ ቋንቋ «መፍታት» የሚለውን ግስ ያህል ብዙ ሸክም የተሸከመ ቃል ጥቂት ነው። ሕልም ይፈታል፤ ቅኔ ይፈታል፤ እንቆቅልሽ ይፈታል። ታጣቂ ትጥቁን፣ ሲራራ ነጋዴ ጭነቱን፣ አራሽ ጥማዱን ይፈታል። ፍትሕ የሚለው ታላቅ ቃል እንኳ ከዚሁ ግንድ የበቀለ ነው። ቋንቋው ለመፍታት ይህን ያህል ክብር ሲሰጥ የሥራ መሣሪያ ታሪክ ግን ለማሰር ሲያደላ ኖሯል። ነዶንና ድርቆሽን የሚያስረው ብረት ከአንድ መቶ አርባ ዓመታት በላይ እየረቀቀ ሄዶ ዛሬ ከሰው እጅ ይልቅ ፈጥኖና አጥብቆ ያስራል። የታሰረውን የሚፈታው ግን እስከ ዛሬ በአብዛኛው የሰው ጣትና አንድ ቢላዋ ነው። ብረት «እኔ ልፍታ» ብሎ በገባበት ስፍራ እንኳ ራሱ ታስሮ ይገኛል።

ይህ ጎልቶ ከሚታይባቸው አገሮች አንዱ የምዕራብ ካናዳ ሜዳ ነው። በሳስካችዋንና በአልበርታ ክፍላተ ሀገር የበረዶው ወራት ከኅዳር እስከ መጋቢት ይዘልቃል። ግጦሹ በበረዶ ሥር ተቀብሮ ስለሚከርም ከብቱ የሚኖረው በሞቃቱ ወራት ታጭዶ በደረቀ ድርቆሽ ነው። ድርቆሹም እንደ ሰሌን ተጠቅልሎ፣ በሲባጎ ወይም በፕላስቲክ መረብ ተጠምጥሞ ይቀመጣል። የአንዱ ክብ እስር ክብደት ብዙውን ጊዜ ከ500 እስከ 700 ኪሎ ይደርሳል። ይህን ዓይነት ትልቅ ክብ እስር የሚሠራ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1971 ጋሪ ቨርሚር የተባለ ሰው በአዮዋ ግዛት፣ በፔላ ከተማ ሠርቶ ካወጣ ወዲህ፣ ቀድሞ በአንድ ሰው ክንድ ይነሣ የነበረው ትንሹ እስር በብዙ ቦታ ተረስቷል። እስሩ ከሰው ጉልበት በላይ ስለሆነም የሚበትነው ሌላ መሣሪያ አስፈለገ።

የእስር መበተኛው በጎማ ላይ የተቀመጠ ትልቅ የብረት ገንዳ ነው። ከኋላው ሁለት ክንዶች እስሩን ከመሬት አንሥተው ወደ ገንዳው ይጥሉታል። በገንዳው ወለል ያሉት ተሽከርካሪዎች እስሩን ቀስ እያሉ ያንከባልሉታል። ከእነርሱ ሥር አንድ ረዥም የብረት ከበሮ አለ። በከበሮውም ላይ በማጠፊያ የተያያዙ፣ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዙ መዶሻዎች ተደርድረዋል። ከበሮው ኃይሉን የሚያገኘው ከትራክተሩ በስተኋላ ከሚወጣው፣ መካኒኮች ፒ.ቲ.ኦ. ከሚሉት ዘንግ ነው። ዘንጉ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 1000 ጊዜ ይዞራል። መዶሻዎቹ ድርቆሹን ቦጫጭቀው በጎን በኩል በበረዶው ላይ በረዥም መስመር ያፈሱታል፤ ላሞቹም በግራና በቀኝ እንደ ማዕድ ከበውት ይበላሉ። ቀድሞ ብዙ ሰዎችን ከመንሽ ጋር ሲያታግል የዋለውን ሥራ አንድ ሰው ከትራክተሩ መቀመጫ ሳይወርድ በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል። መሣሪያው መልካም መሣሪያ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም።

ነገር ግን እስሩ ራቁቱን አይመጣም። ስሌቱ ቀላል ነው፤ መሐል ለመሐል ሲለካ 1.5 ሜትር የሆነ እስር ዙሪያው 4.7 ሜትር ገደማ ነው። ሲባጎው 15 ጊዜ ቢዞረው 70 ሜትር ያህል ክር ለብሷል ማለት ነው። እንበልና አንድ አርቢ 200 ላሞች አሉት፤ እያንዳንዷም በቀን 12 ኪሎ ትበላለች። በቀን 600 ኪሎ የሚመዝኑ 4 እስሮችን ይበትናል። ይህም በቀን 280 ሜትር፣ በ150 የበረዶ ቀናት ደግሞ 42 ኪሎ ሜትር ሲባጎ ይሆናል፤ አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ጎዳናዎች በባዶ እግሩ የሮጠውን ርቀት ያህል መሆኑ ነው። ይህ ሁሉ ክር በአንድ ሰው እጅ ማለፍ ይኖርበታል። በእጁ ያላለፈው ወይ ከበሮው ላይ፣ ወይ በረዶው ላይ፣ ወይ በላሚቱ ጨጓራ ውስጥ ይገኛል። አራተኛ ቦታ የለውም።

ታዲያ ሲባጎው ድርቆሹ ወደ ገንዳው ሳይገባ ለምን አይቆረጥም? በእርግጥ ሊቆረጥ ይገባል፤ ብዙዎችም ይቆርጡታል። ይሁንና የበረዶው አገር የራሱ ሕግ አለው። እስሩ ከመከር ጀምሮ መሬት ላይ ተቀምጦ በሥሩ ዝናብና የቀለጠ በረዶ ጠጥቷል። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሲደርስ ያ ውሃ ድንጋይ ይሆናል፤ ሲባጎውም በድንጋዩ ውስጥ ይቀበራል። ከላይ ቢቆረጥ ከሥር አይለቅም። ክሩን በጓንት መቆንጠጥ ያስቸግራል፤ ጓንት ያወለቀ እጅ ደግሞ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የባለቤቱን ትእዛዝ አይሰማም። ከዚህም የተነሣ «ዛሬ ከበሮው ይጠቅልለው፤ ቅዳሜ እቆርጠዋለሁ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ሐሳቡ ፈጽሞ ስንፍና አይደለም፤ ከበሮው ብዙውን ክር ወደ ላሞቹ ከመወርወር ይልቅ ወደ ራሱ ይጠቀልላልና። ችግሩ ቅዳሜ ሲደርስ ቅዳሜም እንዲሁ መቀዝቀዙ ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል ተረቱ። በየስብሰባው አዳራሽ ስንት ጊዜ እንደ ተነገረ የሚቆጥረው የለም። ከተናጋሪዎቹ መካከል ግን አንበሳውን ማን ይፈታዋል ብሎ የጠየቀ ብዙም አልተሰማም። በዚያ ገንዳ ውስጥ ድሩ በእርግጥ ያብራል። የመጀመሪያው ሳምንት ክር መዶሻዎቹ በበቀሉበት ሥር ይጠመጠማል። የሁለተኛው ሳምንት በላዩ ይደረባል። ብርቱካናማው በሰማያዊው፣ ሰማያዊው በነጩ መረብ ላይ እየተጫነ፣ በመካከሉ አቧራና የድርቆሽ ብናኝ እየተጠቀጠቀ ጥምጥሙ እንደ እንጨት ይጠጥራል። ግንዱ ተቆርጦ ዓመታቱ በቀለበት እንደሚቆጠሩለት ዛፍ፣ ከጥምጥሙም የከረመው ወራት ሊነበብ ይችላል። በመጨረሻ መዶሻዎቹ ከሥራቸው ታስረው መወዛወዝ ያቅታቸዋል። የማይወዛወዝ መዶሻ ድርቆሹን አይቦጭቅም፤ ይጎትተዋል እንጂ። ከበሮው ሚዛኑን ስቶ ገንዳው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ክሩ ወደ ዳር ሲሄድ በኩሽኔታው መሸፈኛ ሥር ገብቶ ግራሶውን ያስወጣዋል፤ ኩሽኔታውም ያለ ቅባት ይግላል። አብዛኛው የዛሬ ሲባጎ የተሠራበት ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ 160 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል። ዙሪያው ደግሞ ደረቅ የድርቆሽ ብናኝ ነው። ከዚህ በኋላ እሳት ቢነሣ የሚደንቅ አይሆንም።

ጥምጥሙን የማጽዳቱ ሥራ የሚጀመረው በመጠበቅ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ዘንጉን ከኃይሉ ያላቅቃል፤ ሞተሩን ያጠፋል፤ ቁልፉን ነቅሎ በኪሱ ያስገባል። ከዚያ ይቆማል። ከበሮው ከባድ ስለሆነ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም በያዘው ግስጋሴ መዞሩን ይቀጥላል፤ ድምፁ እየሳሳ፣ መዶሻዎቹ አንድ ባንድ ኳ ኳ እያሉ ቀስ በቀስ ዝም ይላል። ብርዱ «ቶሎ በል» ይላል፤ ላሞቹ በአጥሩ ላይ ተደርድረው ያግቧሉ። ክንድ የሚድነው ግን በዚያች ጥበቃ ውስጥ ነው። በደቂቃ 1000 ጊዜ የሚዞር ዘንግ በግማሽ ሴኮንድ ውስጥ ከ8 ጊዜ በላይ ይዞራል። አንድ የተንጠለጠለ የሲባጎ ጫፍ የካፖርት እጅጌ ቢይዝ ሰውየው ነገሩ ምን እንደ ሆነ ከማወቁ በፊት እጅጌው ከነክንዱ ተጠቅልሏል። በሰሜን አሜሪካ የእርሻ ደኅንነት አስተማሪዎች ይህን ዘንግ በተማሪ ፊት ደጋግመው የሚያነሡት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ዘንግ ክንዳቸውን ያጡ፣ ሕይወታቸውም ያለፈ ብዙዎች ናቸውና። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ሥራውን ሳያውቁት የቀሩ አልነበሩም፤ ከማወቃቸው ብዛት የተነሣ የቸኮሉ ነበሩ።

ከበሮው ጸጥ ካለ በኋላ ሌላ ጥንቃቄ ይከተላል። ክሩ ሲቆረጥ የመዶሻዎቹ ክብደት ከበሮውን በድንገት ሊያንከባልለው ስለሚችል በእንጨት ሽብልቅ ይያዛል። በኃይል ወደ ላይ የተነሣ ክፍል ካለ በድጋፍ ይደገፋል። ሰውየውም በደረቱ ተኝቶ ወይም ገንዳው ውስጥ ወርዶ ጥምጥሙን ይመለከታል።

እዚህ ላይ ጀማሪና ባለሙያ ይለያሉ። ጀማሪ ጫፉን ይፈልጋል፤ የተወሳሰበ ልቃቂት ሁሉ ጫፉ ሲገኝ ይፈታል ተብሎ ከልጅነቱ ተምሯልና። ግን የሚፈለገው ጫፍ አንድ አይደለም፤ መቶ ጫፎች ናቸው፤ መቶውም እርስ በርሳቸው ተቀባብረዋል። ክቡ እስር ከመጀመሪያውም ቋጠሮ አልነበረውም፤ የክሩ ጫፍ ከዙሩ ሥር ገብቶ ነው የያዘው። ባለሙያው ስለዚህ ጫፍ አይፈልግም። እንደ ማጭድ የቆለመመ ቢላዋውን ከከበሮው አንድ ጫፍ አስገብቶ በቁመቱ እስከ ሌላው ጫፍ ይስበዋል፤ ክሮቹን ሁሉ በአግድማቸው ይቆርጣቸዋል። አንድ ጊዜ ስቦ አይበቃውም። የላይኛው ድርብ ሲለቅ ሁለተኛው ይመጣል፤ ቢላዋው በክሩ ውስጥ በተጠቀጠቀው አሸዋ ይደነዝዛል፤ በሞረድ ይሳላል፤ እንደ ገና ይሳባል። መስመሩ እስከ ብረቱ ሲደርስ ጥምጥሙ እንደ ሰንጋ ቆዳ ከዳርና ከዳር ይገፈፋል። በኩሽኔታው በኩል የቀለጠው ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም፤ እርሱ ፒንሳና መሮ ይጠይቃል። ሰውየውም ብረቱን በጣቱ መዳሰስ ስላለበት ጓንቱን ያወልቃል፤ እጁን በብብቱ እያሞቀ እንደ ገና ይመለሳል።

ጥምጥሙ ሳይጠና የተደረሰበት እንደ ሆነ ሥራው ግማሽ ሰዓት ነው። ከርሞ የተደረሰበት ከሆነ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ሲፈጸምም የሚታይ ነገር አልተመረተም፤ ከበሮው ትናንት እንደ ነበረው ሆነ፣ ያ ብቻ ነው። የሥራ ክብር ሲነገር የሚነገረው ስለሚያቆመውና ስለሚያመርተው ነው። እንዲህ ያለውን፣ ያለው ነገር ሥራውን እንዲቀጥል ብቻ የሚደረገውን ድካም የሚያወድስ ድምፅ ጥቂት ነው።

ኪነ ጥበብም ቢሆን ወደዚህ ጥግ አልተመለከተችም ማለት ይቻላል። ሞኔ እ.ኤ.አ. በ1890 እና በ1891 በዢቨርኒ አካባቢ የነበሩትን ክምሮች በ25 ገደማ ሸራዎች ላይ ሥሏቸዋል። ብዙ ሰው የድርቆሽ ክምር ይላቸዋል፤ በእርግጥ ግን የእህል ነዶ ክምር ነበሩ። የጧቱ ጮራ፣ የማታው ቅላት፣ በክምሩ አናት ላይ ያረፈው በረዶ አንዱም አላመለጠውም። ክምሩን ማን እንደ ከመረው፣ ነዶውም በምን እንደ ታሰረና በማን እጅ እንደሚፈታ ግን ከሸራው ላይ አይገኝም። ሠዓሊውን በዚህ መውቀስ አይገባ ይሆናል፤ ብርሃን ነበር የፈለገው። ነገር ግን ከእርሱ በኋላ የመጡት ሁሉ ክምሩን ከሩቅ ማየት ብቻ መልመዳቸው ያስገርማል።

ከሩቅ ሳይሆን ከቅርብ ለተመለከተው ሲባጎው ረዥም ታሪክ አለው። መኪና ሳይመጣ በፊት አጫጅ ነዶውን የሚያስረው ከዚያው ካጨደው ሰብል አንድ ጭብጥ ወስዶ፣ ገምዶ፣ በዙሪያው በማዞር ነበር። ያ ማሰሪያ ራሱ ገለባ ነው፤ ነዶው ሲወቃ አብሮ ይወቃል፣ ከብቱም አብሮ ይበላዋል። የሚፈታው ሰው አላስፈለገውም። ከዚህ የተሻለ ማሰሪያ እስከ ዛሬ ተገኝቷል ለማለት ያስቸግራል። ሆኖም በእጅ የሚታሰር ስለሆነ ለመኪና አልተመቸም። በ19ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ የመጡት የመጀመሪያዎቹ ነዶ አሳሪ መኪናዎች በሽቦ ማሰር ጀመሩ። ሽቦው ግን ተሰባብሮ ከዱቄቱና ከገለባው ጋር ይደባለቅ ጀመር። ወፍጮ ቤቶች አማረሩ፤ ከብቶችም ሽቦ እየዋጡ ታመሙ፣ ሞቱም። ከዚህ መከራ ያወጣው ጆን አፕልቢ የተባለ የዊስኮንሲን ሰው ነው። በ1870ዎቹ መጨረሻ ላይ ሲባጎን የሚቋጥር፣ እንደ ወፍ ምንቃር ያለ ብረት ሠራ። ምንቃሩ አንድ ጊዜ ዞሮ ክሩን ይይዛል፣ ይከፈታል፣ ይገጥማል፣ ይስባል፤ ቋጠሮውም አለቀ። አነስተኛ የአራት ማዕዘን እስር በሚያስሩ መኪናዎች ውስጥ ዛሬም የሚሠራው ቋጣሪ የዚያ ዘር ነው። እንግዲህ ሲባጎ ወደ እርሻ የገባው ከብትን ከሽቦ ሊያድን እንደ ነበር መታወስ ይገባዋል።

የሲባጎው ገበያ ሲደራ ግን ክሩን የሚያቀርበው ሰው ዕጣ ከከብቱ ዕጣ የከፋበት ስፍራ ነበር። ክሩ የሚገኘው ከቃጫ ቅጠል ነው። በሜክሲኮ የዩካታን ግዛት ሄነኬን የሚባለው የቃጫ ዓይነት «አረንጓዴ ወርቅ» እየተባለ ጥቂት ባለርስቶችን አበለጸገ። ቅጠሉን ይቆርጡ የነበሩት የማያ ተወላጆች ከአባት ወደ ልጅ በሚተላለፍ ዕዳ የታሰሩ ነበሩ። በፖርፊርዮ ዲያዝ ዘመን ደግሞ በሰሜን ከሚገኘው ከሶኖራ የተጋዙ በሺህ የሚቆጠሩ የያኪ ሕዝቦች ተጨመሩባቸው። እ.ኤ.አ. በ1902 በአሜሪካ የተቋቋመው ኢንተርናሽናል ሃርቨስተር በዚያው ዓመት ከኦሌጋሪዮ ሞሊና ንግድ ቤት ጋር በምስጢር ተዋውሎ የቃጫውን ዋጋ ዝቅ ለማድረግ ተስማማ። በካንሳስና በዳኮታ ሜዳ ስንዴው በርካሽ እንዲታሰር በዩካታን ሰው ታሰረ ማለት ነው። ርስቶቹን የላሳሮ ካርዴናስ መንግሥት ለገበሬዎች ያከፋፈለው እ.ኤ.አ. በ1937 ነበር።

በሚኒሶታ ግዛት ደግሞ የስቲልዎተር ወኅኒ ቤት ከ1890ዎቹ ጀምሮ ሲባጎ የሚፈትል ፋብሪካ ነበረው፤ ለግዛቱ ገበሬዎችም በረከሰ ዋጋ ይሸጥ ነበር። በአማርኛ ነዶውንም ወኅኒውንም «እስር» የሚለው ቃል ስለሚያገናኛቸው፣ እስረኞች ማሰሪያ ሲፈትሉ መኖራቸውን ለመግለጽ ሌላ ምሳሌ ማፈላለግ አያሻም።

በምሥራቅ አፍሪካ ቃጫው የገባው በጥቂት ችግኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 ሪቻርድ ሂንዶርፍ የተባለ ጀርመናዊ የእርሻ ባለሙያ ከፍሎሪዳ ያስመጣቸው 1000 ችግኞች በጉዞ ላይ ደርቀው ታንጋኒካ በሕይወት የደረሱት 62 ብቻ ነበሩ። ከእነዚያ 62 ችግኞች ዘር የተስፋፋው ተክል በ1964 አገሪቱን 230,000 ቶን ገደማ ቃጫ የምታመርት የዓለም ቀዳሚ አደረጋት። በ1967 ከወጣው የአሩሻ መግለጫ በኋላ አብዛኞቹ የቃጫ እርሻዎች የመንግሥት ሆኑ። በዚያው ጊዜ ግን በሌላ አቅጣጫ የመጣው ነገር ከእርሻዎቹ ባለቤትነት ይልቅ ዕጣቸውን ወሰነው። ጁሊዮ ናታ በሚላኖ በ1954 የሠራው ፖሊፕሮፒሊን ወደ ክርነት ተለውጦ ገበያውን ያዘ፤ የቃጫው ዋጋ ወደቀ፤ የታንዛኒያም ምርት ከዓመት ወደ ዓመት አሽቆለቆለ። ናታ በ1963 ከካርል ሲግለር ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ በታንጋ የቃጫ ቆራጩ ሥራ ፈታ። እዚህም ላይ «ፈታ» የሚለው ግስ ሳይታሰብ ይመጣል።

የፕላስቲኩ ሲባጎ አይበሰብስም፤ አይጥም አይበላውም፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ለሚያስረው ሰው ሦስቱም በጎ ናቸው። ለላሚቱ ግን የመጀመሪያው በጎነት ሞት ሊሆን ይችላል። ላም ስትግጥ በምላሷ ጠቅልላ ትውጣለች እንጂ አትመርጥም። በሰሜን ዳኮታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የማሰሪያ ዓይነቶችን በከረጢት አድርገው በከብት ጨጓራ ውስጥ አኑረው ሲመለከቱ፣ የቃጫው ሲባጎ ቀስ በቀስ ሲሟሟ የፕላስቲኩ መረብ እንደ ገባ ወጥቷል። በጨጓራ ውስጥ ክሩ ከክር፣ መረቡ ከመረብ እየተያያዘ እንደ ኳስ ይጠቀለላል። ሌላ ከበሮ፣ ሌላ ጥምጥም ነው፤ ልዩነቱ ይህኛው ቁልፉ ተነቅሎ፣ ቆሞ፣ በቢላዋ የማይጸዳ መሆኑ ነው። አፕልቢ በምንቃሩ ከሽቦ ያዳናት ላም ከመቶ ዓመት በኋላ በዚያው በማሰሪያው ተያዘች።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ አንባቢ የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ አይቀርም። በሱሉልታና በሰላሌ ሜዳ የሚታጨደው ድርቆሽ ተጠቅጥቆ በሲባጎ እየታሰረ ለአዲስ አበባ የወተት ላሞች ይጫናል። እዚያ ከበሮ የለም፤ እስሩን የሚፈታው በበረቱ በር ላይ የቆመው ሰው ነው። የቆረጠውን ሲባጎ ወዴት እንደሚጥል የሚነግረው ግን ብዙ ጊዜ የለም። በአገሪቱ ቄራዎች ጥናት ያደረጉ የእንስሳት ሐኪሞች በታረዱ ከብቶች ጨጓራ ውስጥ ፌስታል፣ የገመድ ቁራጭ፣ ጨርቅና ሽቦ በየጊዜው አግኝተዋል። በረቱ ትንሽ፣ ላሚቱም አንዲት ስትሆን አንድ ክንድ ሲባጎ የቤተሰቡን ወተት ሊያቋርጥ ይችላል።

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ወደ ፈቺው ሰው ፊታቸውን የመለሱ አልጠፉም። አንዳንድ መበተኛ ሠሪዎች በከበሮው ቁመት ላይ ቢላዋ የሚሄድበት ቦይ አበጅተዋል፤ ሰውየው በጨለማ እየዳሰሰ ከብረት ጋር ሳይታገል መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ይስባል። ትንሽ ነገር ናት፤ የአንድ ብረት ብየዳ ናት። ቢሆንም ያን ቦይ ያሰበ ሰው በደረቱ ተኝቶ ከበሮ ያጸዳ፣ ወይም ያጸዳውን ቀርቦ ያዳመጠ ሰው መሆን አለበት። በአልበርታ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ያገለገለ ሲባጎን ከእርሻዎች ሰብስቦ እንደ ገና ጥሬ ዕቃ የማድረግ ሙከራ ተጀመረ፤ በሌሎቹ የሜዳ ክፍላተ ሀገርም ተመሳሳይ ሥራ ይካሄዳል። ሰብሳቢዎቹ ግን አንድ ነገር አጥብቀው ይጠይቃሉ። ሲባጎው በከረጢት ከመግባቱ በፊት ከድርቆሽ፣ ከአፈርና ከበረዶ መራገፍ አለበት፤ የቃጫው ከፕላስቲኩ፣ ሲባጎውም ከመረቡ መለየት አለበት። ይህንንም የሚያደርግ መኪና በአርቢው ግቢ የለም።

ስለዚህ አንዳንድ ጠንቃቃ አርቢዎች እስሩ ገና በክንዶቹ ላይ ሳለ ክሩን ከአንድ ወገን ቆርጠው፣ ከሌላው ወገን በእጃቸው እየጠቀለሉ በአንድነት ይስቡታል፤ በበረዶ የተያዘውንም በመጥረቢያ ራስ ቀስ እያሉ መትተው ያላቅቁታል። የሳቡትን ይቆጥሩታል። የታሰረው 15 ዙር ከሆነ 15 መምጣት አለበት። 14 ብቻ የመጣ እንደ ሆነ ትራክተሩ አይንቀሳቀስም፤ ሰውየው ጓንቱን በጥርሱ ነክሶ ያወልቅና ቀሪዋን ክር ለመፈለግ እንደ ገና እጁን ወደ ድርቆሹ ይሰዳል።